2፡40 ላይ የሚጮኸው ኮምፒውተር

ጋሼ የደወሉልኝ ሐሙስ ማታ፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው። "እንዴት አመሸህ" እንኳ የለም። "አንተ ልጅ፣ ይሄ ኮምፒውተር ልቤን ሊያቆማት ነው" አሉኝ። ከኋላ የእትዬ ድምፅ ይሰማል። "ሰፈሩን ሁሉ ቀሰቀሰው!" ይላሉ።

ጋሼና እትዬ ከኛ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ ጎረቤቶቻችን ናቸው። እኔ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር የምጠግን ሰው ነኝ። ስለዚህ በሕንፃው ያለ የተበላሸ ነገር ሁሉ፣ ፍሪጅም ቢሆን፣ መጀመሪያ ለኔ ይነገረኛል። ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ማታ ማታ መብራት አጥፍተው፣ ሶፋ ላይ ጋደም ብለው፣ ከዩቲዩብ ትረካ ያዳምጣሉ። ኮምፒውተሩ ሳሎን ጥግ ላይ ያለ፣ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ሁለት ትንንሽ ስፒከርና መሬት ላይ የሚቀመጥ ቤዝ አለው። የልጅ ልጃቸው ሚጣ፣ የ12 ዓመት ልጅ፣ የምታጠናውም በሱ ነው።

ችግሩን ሲያስረዱኝ እንዲህ ነው ያሉት። "በራሱ ጊዜ ይወርዳል፣ እከፍተዋለሁ። በራሱ ጊዜ ይጮሃል፣ እዘጋዋለሁ። አንዳንዴ ጭራሽ ጥፍት ይላል። አንዳንዴ ደግሞ በአንድ ጎን ብቻ ያወራል። ውስጡ ሰው የገባበት ነው የሚመስለው።"

እኔ ጋ ከመደወላቸው በፊት አንድ ጥገና ቤት ወስደውት ነበር። "ቫይረስ ነው" ተባሉ። ፎርማት ተደረገ። የልጃቸው የሠርግ ፎቶም አብሮ ሄደ። ፎርማት በኛ አገር የኮምፒውተር ጠበል ሆኗል፤ የታመመ ሁሉ እዚያ ይወሰዳል። ልዩነቱ ጠበል ፎቶ አያጠፋም። ከፎርማቱ በኋላ ኮምፒውተሩ ለሦስት ቀን ደህና ሆነ። በአራተኛው ቀን ጮኸ።

እኔም መጀመሪያ ላይ ከጥገና ቤቱ የተሻልኩ አልነበርኩም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወረድኩ። ኮምፒውተሩ ፊቴ ጨዋ ሆኖ ቁጭ አለ። እንደ ጥርስ ሕመም ነው፤ ሐኪም ፊት ሲደርስ ይተዋል። ባዶ እጄን እንዳልመለስ የሳውንድ ካርዱን ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ አደስኩ። ፕሮግራሙ ሲከፈት የሪልቴክ ምልክት ብቅ አለች። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉ።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"የኩባንያው ምልክት ናት ጋሼ። ሸርጣን ናት።"

"እሷ ናታ ወደ ጎን ወደ ጎን የምታስኬደው!"

ግማሽ ሰዓት ትረካ አሰማሁበት። ንቅንቅ አላለም። ቡና ጠጣሁ፣ "ተስተካክሏል" አልኩና ወጣሁ። ማክሰኞ ማታ ስልኬ ጠራ። "ያስተካከልከው ጮኸ" አሉኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ያን ቀን ማታ ነው ቁጭ ብዬ ያሰብኩት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሃ ሲቀንስ የሻወሩን ቧንቧ በመፍታት የሚጀምር የለም። መጀመሪያ ወጥ ቤት ያለው ይከፈታል። ቀጥሎ ጎረቤት ይጠየቃል፤ "እናንተ ጋ አለ?" ይባላል። ከዚያ ታች ቆጣሪው ጋ ይወረዳል። የትኛው ቦታ ላይ እንደቀነሰ ሳይታወቅ ማንም ዕቃ አይፈታም። እኔ ግን የጋሼ ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያገኘሁትን ቧንቧ ነው የፈታሁት።

ድምፅም በብዙ ቧንቧ ነው የሚያልፈው። የተራኪው ድምፅ ጋሼ ጆሮ እስኪደርስ መጀመሪያ የዩቲዩብ የራሱ ማስተካከያ አለ። ቀጥሎ ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ለየብቻ የሚይዘው መጠን አለ። ቮልዩም ሚክሰር የሚባለው ነው፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮን አለ። ከዚያ ሁላችንም የምናውቀው ዋናው ቁጥር ይመጣል፣ ከ0 እስከ 100። ድራይቨሩ የሚጨምራቸው ማሳመሪያዎችም አሉ። መጨረሻ ላይ ስፒከሩ ላይ ያለው ማዞሪያ። እነዚህ ሁሉ እየተባዙ ነው የሚሄዱት። አንዱ በግማሽ ቢቀንስ፣ ሌላውም በግማሽ ቢቀንስ፣ ጆሮ ጋ የሚደርሰው ሩብ ነው።

ስለዚህ "ድምፁ ተቀያየረ" የሚለው ወሬ ብቻውን ምንም አይነግረኝም። የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። ድምፁ ሲቀየር ዋናው ቁጥር አብሮ ተንቀሳቅሷል ወይስ ባለበት ቆሟል? ከተንቀሳቀሰ አንድ ሰው ወይም አንድ ዕቃ "ቀንስ" ብሎ እያዘዘ ነው፤ ኪቦርድ፣ ማውስ ወይም ሌላ ፕሮግራም። ቁጥሩ ባለበት ቆሞ ድምፁ ብቻ ከተቀየረ ግን ኪቦርዱ ነፃ ነው። ያኔ ጥፋቱ ያለው ከቁጥሩ በፊት ወይም ከቁጥሩ በኋላ ነው።

ቅዳሜ አንድ ደብተር ይዤ ወረድኩ። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ መጋዘን ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። ገቢውን በሞዴል 19፣ ወጪውን በሞዴል 22 ሲመዘግቡ ነው የኖሩት። "ለአንድ ሳምንት ይመዝግቡልኝ" አልኳቸው። ቀን፣ ሰዓት፣ የሆነው ነገር፣ እና ከታች በቀኝ ጥግ ያለችው የስፒከር ምልክት ስትነካ የሚታየው ቁጥር። ደስ አላቸው። እስክሪብቶ አልተቀበሉኝም፤ የራሳቸው አላቸው።

በሳምንቱ እሑድ ደብተሩን ሳየው እንደጻፉት ይኸው፦

"እሑድ፣ ጠዋት 3፡10። ድምፅ ጠፋ። ቁጥሩ ከ70 ወደ 0 ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ማክሰኞ፣ ማታ 2፡25። ከጅምሩ ዝቅ ያለ። ቁጥር 70። ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩ። 2፡40 ጮኸ። ቁጥር 70። ነጭ ሳጥን መጣ፣ ዘጋሁት።

ረቡዕ፣ ማታ 2፡15። የግራው ስፒከር ጠፋ። ጠረጴዛውን መታ ሳደርገው ተመለሰ። ቁጥር 70።

ሐሙስ፣ ማታ 2፡28። እንደ ማክሰኞው። 2፡40 ጮኸ። ሳጥን መጣ።

ዓርብ። ሰላም።

ቅዳሜ፣ ጠዋት 4 ሰዓት። ቁጥሩ ወደ 0 ሄደ። ሦስት ጊዜ አነሳሁት፣ ሦስት ጊዜ ወረደ።"

እውነት ለመናገር መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሪፖርት ደርሶኝ አያውቅም። አንብቤ ስጨርስ ሳቄ መጣ። አንድ ሌባ ስፈልግ የከረምኩት ሦስት ሌባ ባለበት ቤት ነው። የእሑድና የቅዳሜው ቁጥሩ የሚሄድበት ነው። የማክሰኞና የሐሙሱ ቁጥሩ ቆሞ ሰዓት የሚያከብር ነው። የረቡዑ ደግሞ ጠረጴዛ ሲመታ የሚታረም ነው። ሦስቱም በአንድ ስም ነው የተከሰሱት፤ "ድምፁ ይቀያየራል"። ጋሼም፣ ጥገና ቤቱም፣ እኔም ለሦስቱ አንድ መድኃኒት ነው የፈለግነው።

ከቀላሉ ጀመርኩ። ቁጥሩ ከሄደ የሚያዝ አለ ማለት ነው። ኪቦርዱ ከላይ በኩል ድምፅ መቀነሻና መጨመሪያ ቁልፎች አሉት። "ጠዋት ጠዋት ድምፁን በምንድን ነው የሚቀንሱት?" አልኳቸው። "በዚህ" ብለው መቀነሻውን ቁልፍ ተጫኑት። ሚጣ ቅዳሜና እሑድ አርፍዳ ነው የምትነሳው፤ እንዳትነቃ ብለው ነው። ቁልፏ ወረደች። ግን ወዲያው አልተመለሰችም። እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብላ፣ እያቅማማች ነው የተነሳችው። ስክሪኑ ላይ ከላይ በግራ በኩል ቁጥሩ ሁለት ሁለት እየቀነሰ ቁልቁል ሄደ።

ኪቦርዱን ነቀልኩት። ድምፁን በማውስ 70 ላይ አደረግኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመ። መልሼ ሰክቼ ቁልፏን ተጫንኩ፤ ወረደ። አለቀ። ገልብጬ ስፈታው ከቁልፎቹ ሥር ያለው ፕላስቲክ ላይ ቡናማ ነገር ደርቋል። ጣቴ ተጣበቀ። "ሻይ ማነው የደፋው?" አልኩ። ሚጣ እትዬን አየቻቸው። እትዬ ኮርኒሱን አዩ። በዚያ ቤት ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር ነው የሚጠጣው። በእርጥብ ጥጥ ጠረግኩት፣ አደረቅኩት። ቁልፏ ግን እንደ ድሮዋ አልሆነችም። ቤቴ ትርፍ ኪቦርድ ስለነበረኝ ቀየርኩላቸው።

አሁን ወደ 2፡40ው።

ሰዓት የሚያከብር ጥፋት ደስ ይለኛል። የሞተ ዕቃ ማክሰኞና ሐሙስን አይለይም፤ ሰው ነው የሚለየው። ዞሬ ሚጣን አየኋት።

"ሚጣ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ምን አለሽ?"

"ሂሳብ። በዙም።"

"ስንት ሰዓት ይጀምራል?"

"ሁለት ሰዓት።"

"የሚያልቀውስ?"

"የኔ ቶሎ ያልቃል።"

"የኔ" ያለችው ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረ። ሌሎቹስ? ቀስ በቀስ ወጣ። ቲቸር መልመጃ ትሰጣለች። ቀድሞ የጨረሰ ነፃ ነው፤ ግን ሁሉም ሳይጨርስ ከዙሙ መውጣት አይፈቀድም። ሚጣ ደግሞ ፈጣን ናት። በሃያ አምስት ደቂቃ ትጨርሳለች። ከዚያ ካሜራዋን ታጠፋለች፣ ማይኩን ትዘጋለች፣ መስኮቱን ዝቅ ታደርገዋለች። አያቷ ትረካቸውን እየጠበቁ ነዋ።

"የቲቸር ድምፅስ? ትረካው ላይ አይገባም?"

አንገቷን ደፋች። "ሚክሰር ውስጥ ገብቼ ዙምን ዜሮ አደርገዋለሁ።"

ጥገና ቤቱ ያልነካውን ሚክሰር የ12 ዓመት ልጅ በሳምንት ሁለቴ ትዘውረዋለች። ብቆጣ ይሁን ባመሰግናት ግራ ገባኝ። ያም ሆነ ይህ ዙም አልወጣም። ድምፁ አይሰማም እንጂ ጥሪው ከበስተጀርባ እየሄደ ነው። ነፃው ዙም ደግሞ ስብሰባን ከ40 ደቂቃ በላይ አያስኬድም። ሁለት ሰዓት የጀመረ 2፡40 ላይ ይቋረጣል። ጋሼ "ነጭ ሳጥን መጣ፣ ዘጋሁት" ያሉት ስብሰባው ማብቃቱን የሚናገረውን መልእክት ነው። መልሱን ከመጀመሪያው ማክሰኞ ጀምሮ ደብተሩ ላይ ጽፈውት ነበር። እኔ ነኝ ያላነበብኩት።

የዙም ጥሪ መኖሩ የዩቲዩብን ድምፅ ለምን ያወርዳል? ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ዊንዶውስ 7 ጀምሮ አንድ ልማድ አለው። ኮምፒውተሩ ላይ የስልክ ጥሪ ወይም ስብሰባ መከፈቱን ሲያውቅ የሌላውን ሁሉ ድምፅ በራሱ ዝቅ ያደርጋል። ሐሳቡ መልካም ነው። ሙዚቃ ከፍተህ ሰው ቢደውልልህ እንድትሰማው ነው። እቤትም ስልክ ሲጠራ "ቴሌቪዥኑን ቀንሱት" እንል የለ? ጥሪው ሲያልቅ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ቅነሳው ካልነካኸው በ80 በመቶ ነው። ዋናው ቁጥር ግን አይንቀሳቀስም። 70 ከሆነ 70 እንዳለ ነው። ጋሼ ቁጥሩን አይተው "ምንም አልተነካም" ማለታቸው ትክክል ነበር።

80 በመቶ ትንሽ አይደለም። የድምፁ ምልክት ወደ አምስተኛ እጁ ሲወርድ ቅነሳው ወደ 14 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይሆናል። ጆሯችን ደግሞ 10 ዴሲቤል ሲቀንስ "ግማሽ ሆነ" ብሎ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ጋሼ ትረካቸውን 2፡25 ላይ ሲከፍቱ ሹክሹክታ ነው። የስፒከሩን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ይከፍታሉ። አሁን ደህና ይሰማል። ጋደም ይላሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። 2፡40 ሲሆን ዙም ይቋረጣል። ዊንዶውስ "ጥሪው አለቀ" ብሎ የያዘውን ድምፅ ይለቃል። ማዞሪያው ግን እስከ መጨረሻው እንደተከፈተ ነው። ተራኪው ሶፋው ላይ ይጮህባቸዋል። እትዬ ሰፈር ተቀሰቀሰ ያሉት በከንቱ አይደለም።

ማክሰኞን መጠበቅ አላስፈለገም። ትረካ ከፈትኩ። በስልኬ የዙም ስብሰባ ጀመርኩና ሚጣ በኮምፒውተሩ ገባች። ገና ስትገባ የተራኪው ድምፅ በሩን ዘግቶ ሌላ ክፍል የገባ ያህል ራቀ። ጋሼ ወደ ቁጥሩ ጎንበስ አሉ። 70። ሚጣ ወጣች፤ ተራኪው ተመለሰ። "ድገሚው" አሏት። ደገመች። ሦስተኛው ላይ ጋሼ እራሳቸው በጣታቸው "አሁን ውረድ" ብለው እያዘዙ ይስቁ ጀመር።

ማስተካከያው ያለው እዚህ ነው። የስፒከሯን ምልክት በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ነክቶ "ሳውንድስ" የሚለውን መክፈት። ከላይ ካሉት ገጾች የመጨረሻው "ኮሚዩኒኬሽንስ" ይላል። አራት ምርጫ ይሰጣል፤ ሌላውን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ዝጋ፣ በ80 በመቶ ቀንስ፣ በ50 በመቶ ቀንስ፣ ምንም አታድርግ። የመጨረሻውን፣ "ዱ ነቲንግ" የሚለውን መርጦ ኦኬ ማለት ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ ያው ሳጥን በሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሳውንድ ገብቶ ከታች "ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ" ሲባል ይመጣል። ከዚህ በኋላ ጥሪ ሲገባ ዘፈኑ አብሮ እንደሚጮህ ግን ማወቅ ነው። ልጃቸው ከውጭ ስትደውል ትረካውን በእጃቸው ማቆም እንዳለባቸው ለጋሼ ሁለቴ ነገርኳቸው።

እዚህ ላይ ስለ ፎርማቱ ሳልናገር ባልፍ ያንቀኛል። ያ 80 በመቶ ዊንዶውስ ገና ሲጫን ይዞት የሚመጣው ልማድ ነው። ፎርማት ማድረግ ማለት ኮምፒውተሩን ወደዚያ ልማድ መመለስ ነው። በሌላ አነጋገር ይህን ኮምፒውተር መቶ ጊዜ ፎርማት ብታደርገው መቶ ጊዜ 2፡40 ላይ ይጮሃል። ለሦስት ቀን ደህና የሆነው በመሀሉ የሂሳብ ቀን ስላልነበረ ነው። ለዚህ ነው የሠርግ ፎቶ የሄደው።

የቀረው የረቡዑ ነው። በጥፊ የሚታረመው። የስፒከሩን አረንጓዴ ጃክ ከኮምፒውተሩ ነቅዬ ጃክ ያላት አሮጌ ስልኬ ላይ ሰካሁት። "እናንተ ጋ አለ?" ማለት ነው እንግዲህ። ስልኩም ላይ የግራው ስፒከር ጠፋ፣ ተመለሰ፣ ተንኮሻኮሸ። ኮምፒውተሩ ከዚህ ክስ ነፃ ወጣ። ቀጥሎ ጃኩን ነቀነቅኩት፤ ምንም። ገመዱን ጠምዘዝ አደረግኩት፤ ምንም። ማዞሪያውን በጣቴ ጫፍ ገና ነካ ሳደርገው ግራው ቸርርር ብሎ ሞተ።

እንዲህ ያለ ማዞሪያ ውስጡ ቀላል ነገር ነው። ካርቦን የተቀባ ግማሽ ክብ መንገድ አለ። በላዩ አንዲት የብረት ጣት ትሄድበታለች። ስታዞረው ጣቷ ቦታ ትቀይራለች፣ ድምፁም ይቀየራል። ለግራና ለቀኝ ሁለት መንገድ ተደራርቦ ነው ያለው። አንደኛው ላይ አቧራ ከገባ ወይም ካርቦኑ ከተፋቀ ያ ጎን ብቻ ይታመማል። ሰፈራችን ደግሞ መንገድ ሲቆፈር ነው የከረመው። እዚህ ቤት በሳምንት ሁለቴ ማዞሪያው እስከ መጨረሻው ይከፈታል፣ በድንጋጤ ይዘጋል። የ2፡40ው ጥፋት ይኼን የማዞሪያውን እያባባሰ ነበር ማለት ይቻላል።

ሶኬቱን ነቀልኩ። ጥቂት ደቂቃ ጠበቅኩ። የቤዙ ሳጥን ውስጥ ባለ 220 ቮልት ትራንስፎርመር አለ፤ ትልልቆቹ ካፓሲተሮችም ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ትንሽ ጊዜ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። እጅ የማያውቅ ሰው ባይከፍተው ይሻላል። በማዞሪያው ጎን ባለችው ቀዳዳ ኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ) ረጨሁ፣ ከዚያ ከጫፍ ጫፍ ሠላሳ አርባ ጊዜ አዞርኩት። ኮንታክት ክሊነር ነው ያልኩት እንጂ ለማጠፊያና ለብሎን የሚረጨው ዘይት አይደለም። እሱ ለጊዜው ያድናል፤ በኋላ ግን ዘይቱ አቧራ ይሰበስባል። እስኪደርቅ ጠብቄ ዘጋሁት። አሁን ጥርት ብሎ ይዞራል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ መሀሉ ጋ፣ ትንሽ ትንኮሻኮሻለች። ካርቦኑ የተፋቀ ይመስለኛል። አንድ ቀን ማዞሪያው ራሱ መቀየሩ አይቀርም።

ይኼ ሁሉ ካለቀ በኋላ ጋሼ ሌላ ክስ አመጡ። "ማስታወቂያው ሲመጣስ ለምን ይጮሃል?" ይኼኛው ብልሽት አይደለም። የሚወዷቸው የድሮ ትረካዎች ከካሴት የተቀዱ ናቸው፤ ድምፃቸው ከመነሻው ዝቅ ያለ ነው። ዩቲዩብ ከመጠን በላይ የሚጮሁትን ቪዲዮዎች ዝቅ ያደርጋል፣ ዝቅ ያሉትን ግን ከፍ አያደርግም። ቪዲዮው ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ነክቶ "ስታትስ ፎር ነርድስ" የሚለውን መክፈት ነው። ከድምፁ መጠን ጎን ዴሲቤል ተጽፎ ይገኛል። የጋሼ ትረካ ጋ ያለው ከዜሮ በታች በ11 ነበር። ማስታወቂያ በዚያ መሀል ሲገባ የማይጮህበት ምክንያት የለም።

ለዚህ "ላውድነስ ኢኳላይዜሽን" የሚባል ማሳመሪያ አለ። ስፒከሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ "ኢንሃንስመንትስ" ሥር ይገኛል፤ በሁሉም ድራይቨር ላይ ግን የለም። ዝቅ ያለውን ያነሳል፣ የጮኸውን ያወርዳል። ከፈትኩላቸው። ማስታወቂያውና ትረካው እኩል ሆኑ። ግን ተራኪው ትንፋሽ ሲወስድ የካሴቱ ሹሹታ አብሮ ከፍ ይላል። ጋሼ ሁለት ደቂቃ አዳመጡና "ዝናብ እየዘነበበት ነው፣ መልሰው" አሉ። መለስኩት። ማስታወቂያው ይጩህ ብለው ፈረዱ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ 2፡40 ላይ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። አልጠራም። ሐሙስም አልጠራም። ቅዳሜ ስወርድ ደብተሩን ከፍተው አሳዩኝ፦ "ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40። ጠበቅኩት። አልመጣም።"

ሚጣ ደብተሩን ለሂሳብ ልውሰደው ብላ ነበር። እምቢ አሏት። አሁን መብራት የሚሄድበትንና የሚመጣበትን ሰዓት ይመዘግቡበታል።